ጉንፔ ዮኮይ፦ አነስተኛ ኃይል ያለው መሣሪያና የውጭ ጨዋታ አልሚዎች

የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያ የሚያመርት ኩባንያ ሁለት ጥያቄዎችን አንድ ላይ መመለስ ይጠበቅበታል። አንደኛው የመሣሪያው የስሌት ኃይል ምን ያህል ይሁን የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ከኩባንያው ውጭ ያሉ አልሚዎች ጨዋታ እንዲሠሩለት በምን ይሳቡ የሚል ነው። ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ከተሟላ ሁለተኛው እንደሚከተል ይታሰባል። የጃፓናዊው መሐንዲስ የጉንፔ ዮኮይ ሕይወት ግን ይህን ግምት ለጥያቄ ያቀርባል።

ዮኮይ እ.ኤ.አ. በ1941 በኪዮቶ ተወለደ፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። በዶሺሻ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሮኒክስ ትምህርቱን አጠናቆ በ1965 በኔንቴንዶ ተቀጠረ። ኩባንያው በዚያን ጊዜ የመጫወቻ ካርታ አምራች ስለነበረ፣ የዮኮይ ሥራ የማምረቻ ማሽኖችን መጠገን ነበር። ለራሱ መዝናኛ የሠራውን ተዘርግቶ ዕቃ የሚይዝ ሰው ሠራሽ እጅ የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሂሮሺ ያማኡቺ ተመልክቶ ለገበያ እንዲቀርብ አዘዘ። አልትራ ሃንድ የተባለው ይህ መጫወቻ በ1966 ወጥቶ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጠ፤ ዮኮይም ከጥገና ወደ ፈጠራ ሥራ ተዛወረ።

የዮኮይ መርሕ ገበያ ላይ የቆየን፣ ጠባዩ በሚገባ የታወቀንና ዋጋው የወረደን ቴክኖሎጂ ባልተለመደ አገልግሎት ላይ ማዋል ነበር። በ1980 የወጣው ጌም ኤንድ ዎች የተሠራው በሒሳብ ማሽን ስክሪንና ቺፕ ዓይነት ነው።

በ1989 የቀረበው ጌም ቦይ መርሑን ወደ ከባድ ፈተና አስገባው። ስክሪኑ ቀለምም የውስጥ መብራትም አልነበረውም፤ ፕሮሰሰሩም ባለ 8 ቢት ነበር። በአንጻሩ የአታሪ ሊንክስና የሴጋ ጌም ጊር ባለቀለም ስክሪን ይዘው ቀረቡ። ሆኖም ሁለቱም በስድስት የባትሪ ድንጋይ የሚሠሩት ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ሲሆን፣ ጌም ቦይ በአራት ድንጋይ ከ10 ሰዓት በላይ ይቆይ ነበር። በጃፓን ጌም ቦይ 12,500 የን፣ ጌም ጊር ደግሞ 19,800 የን ይሸጥ ነበር። ርካሽነቱ ብዙ ገዢ አፈራ፤ የገዢው ብዛት ደግሞ የውጭ አልሚዎችን ሳበ። ጌም ፍሪክ የሠራው ፖኬሞን በ1996 የወጣው በዚሁ ሰባት ዓመት ሊሞላው በተቃረበ መሣሪያ ላይ ነው። ጌም ቦይ ባለቀለም ተከታዩን ጨምሮ ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል።

መርሑ ግን ብቻውን ለስኬት ዋስትና አልሆነም። በ1995 የወጣው ቨርቹዋል ቦይ በቀይ ብርሃን ብቻ ጥልቀት ያለው ምስል የሚያሳይ መሣሪያ ነበር። ገዢ ስላጣ አልሚዎችም ራቁት፤ በጠቅላላው የወጡለት ጨዋታዎች 22 ብቻ ናቸው።

ዮኮይ በ1996 ከኔንቴንዶ ለቆ የራሱን ድርጅት ኮቶን መሠረተ፤ ከባንዳይ ጋርም በአንድ የባትሪ ድንጋይ የሚሠራውን ዋንደርስዋን ጀመረ። ፍጻሜውን ግን አላየም፤ በጥቅምት 1997 በመኪና አደጋ በ56 ዓመቱ አረፈ። መሣሪያው በ1999 ወጣ፤ ስኩዌርም ፋይናል ፋንታሲን ለባለቀለሙ ዝርያ አቀረበ። ይሁን እንጂ የኔንቴንዶን የገበያ የበላይነት ሊነቀንቅ አልቻለም።

ከዚህ ሕይወት የሚገኘው ግንዛቤ የኃይል ማነስ በራሱ ጥቅም ነው የሚል አይደለም። የተቆጠበው ኃይል ወደ ዋጋ ቅናሽና ወደ ባትሪ ዕድሜ ሲለወጥ ገዢ ያፈራል፤ አልሚውን የሚስበውም የዚያ ገዢ ብዛት ነው። ቁጠባው ገዢ ካላፈራ ግን አልሚም አይመጣም።