ከአሸዋ መቃብር የወጣችው መኪና እና ባለቤቷ ፓሪ ቶማስ

እአአ በጥቅምት ወር 1924 ጣልያን ውስጥ በሞንዛ የመኪና እሽቅድምድም ሉዊስ ዝቦሮቭስኪ የተባለ ባለጸጋ ወጣት የሚነዳት መርሴዲስ ከዛፍ ጋር ተላትማ ሕይወቱ አለፈ። በእንግሊዝ ኬንት ግዛት ከሚገኘው ርስቱ ከተረፉት ንብረቶች መካከል የአውሮፕላን ሞተር የተገጠመላት፣ ሥራዋ በቅጡ ያልተጠናቀቀ ግዙፍ መኪና ነበረች። ለዕለት ጉዞ አትሆን፣ ለውድድር ገና አልተገራች፤ ፈላጊ የሚኖራት አትመስልም ነበር። በ125 ፓውንድ የገዛት ሰው ግን ምን እንደሚገዛ ያውቅ ነበር።

ጆን ጎድፍሬይ ፓሪ ቶማስ የተወለደው እአአ ሚያዝያ 6 ቀን 1884 በሰሜን ዌልስ፣ ሬክሰም ውስጥ ነው። አባቱ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበሩ። ልጁ ግን ልቡ ከመሣሪያ ጋር ነበርና ለንደን ሄዶ ምህንድስና ተማረ። ኃይልን ከሞተር ወደ ጎማ በኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ዘዴ በመፈልሰፍ ስሙን ካስጠራ በኋላ የሌይላንድ ኩባንያ ዋና መሐንዲስ ሆነ። ሌይላንድ ከጊዜ በኋላ በምሥራቅ አፍሪካ መንገዶች በአውቶቡሶቹና በጭነት መኪኖቹ የታወቀው ነው። በ1920 ለሕዝብ የቀረበችው የቶማስ የሥራ ውጤት ግን የጭነት መኪና አልነበረችም። ሌይላንድ ኤይት የተባለችው ባለ ስምንት ሲሊንደር የቅንጦት መኪና በዋጋዋ ውድነት ገዢ አጥታ፣ ሃያ እንኳ ሳትሞላ ምርቷ ቆመ።

ይህ ለመሐንዲሱ ውድቀት ሊሆን ይችል ነበር። እሱ ግን የኩባንያውን ወንበር ትቶ ከለንደን ደቡብ ምዕራብ ወደሚገኘው ወደ ብሩክላንድስ የእሽቅድምድም ሜዳ አቀና፤ መኖሪያውንም ሥራውንም በዚያው አደረገ። ገበያ ያልወደዳትን ሌይላንድ ለውድድር አዘጋጅቶ እየነዳ ደጋግሞ አሸነፈባት። በሠላሳዎቹ ዕድሜ መጨረሻ ላይ ወደ እሽቅድምድም ገብቶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከቀዳሚዎቹ መሰለፍ በዚያ ዘመንም የተለመደ አልነበረም።

የሟቹን መኪና ሲገዛ ያሰበው ከብሩክላንድስ ያለፈ ነገር ነበር። ሞተሯ አሜሪካውያን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለጦር አውሮፕላኖች የሠሩት ሊበርቲ ነው። አሥራ ሁለት ሲሊንደርና 27 ሊትር ይዘት ነበረው። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ከምትታወቀው ባለ 1.3 ሊትር ኮሮላ ሞተር ጋር ሲነጻጸር ሃያ እጥፍ መሆኑ ነው። ጉልበት አልጎደላትም፤ የጎደላት ጉልበቱን የሚገራው እጅ ነበር። ቶማስ አራት ካርቡሬተሮች ገጠመላት፤ ፒስተኖቹን ራሱ በነደፋቸው ተካ፤ አካሏንም ነፋስ እንዲሰነጥቅ አድርጎ አስተካከለ። ስሟንም ባብስ አላት።

የቆየ ፈጣን መኪና ገዝቶ የሚያድስ ሰው ሁሉ ምኑን አውጥቶ ምኑን እንደሚያስቀር መወሰን አለበት፤ ከማደሱም የሚከብደው ይኸው ነው። ቶማስ ከጦርነቱ በፊት ከተሠራች የቤንዝ የውድድር መኪና የተወሰደውን ካምቢዮና የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞሩትን ካቴናዎች አስቀረ። በካቴና የሚነዳ መኪና በዚያን ጊዜ ዘመን ያለፈበት ነበር። ይህን ለመለወጥ ግን መኪናዋን እንደ አዲስ መሥራት ያስፈልግ ነበርና ውሳኔው የሚገባ ነው፤ ቢያንስ በዚያን ዕለት።

ደቡብ ዌልስ ውስጥ የሚገኘው የፔንዳይን የባሕር ዳርቻ ማዕበሉ ሲሸሽ ለኪሎ ሜትሮች የተዘረጋ ደረቅ ያለ አሸዋ ይተዋል። እአአ ሚያዝያ 27 ቀን 1926 ቶማስ ባብስን በዚሁ አሸዋ ላይ በሰዓት 272 ኪሎ ሜትር ነዳት። ከአንድ ወር በፊት ሄንሪ ሲግሬቭ ያስመዘገበው ክብረ ወሰን 245 ነበር። በማግስቱ ደግሞ የራሱን አሻሽሎ 275 አደረሰው። በ125 ፓውንድ የተገዛችው አሮጌ መኪና የዓለም የምድር ላይ ፈጣን ተሽከርካሪ ሆነች።

ክብሩ ዓመት አልዘለቀም። በየካቲት 1927 ማልኮም ካምቤል ከመሠረቱ ለክብረ ወሰን በተሠራችው ብሉ በርድ በዚያው አሸዋ ላይ 281 ገደማ አስመዘገበ። ቶማስ ከወር በኋላ ባብስን ይዞ ተመለሰ። እአአ መጋቢት 3 ቀን በሙሉ ፍጥነት ስትበር መኪናዋ ከቁጥጥሩ ወጣች፤ ተገለባበጠች፤ እሳትም ተነሳባት። ቶማስ ጭንቅላቱ ላይ በደረሰበት ጉዳት ወዲያው ሞተ። የ42 ዓመት ሰው ነበር፤ የምድር ላይ የፍጥነት ክብረ ወሰን ለመስበር ሲሞክር የሞተ የመጀመሪያው ሰውም ይባላል። ሞቱ የተፎካካሪነቱን ትርጉም ባያጠፋውም፣ አንድ ወር ሳይሞላ ሲግሬቭ አሜሪካ ዴይቶና ላይ ከ320 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቶ ቶማስና ካምቤል የተሻሙበትን ቁጥር ሁሉ ወደ ኋላ ተወው።

የቶማስ ባልደረቦች የጌታዋን ሕይወት የቀጠፈችውን መኪና ለማንም አልሸጧትም። እዚያው ባሕር ዳርቻ በአሸዋ ክምር ሥር ቀበሯት። የሞቱ ምክንያት ተደርጎ ለብዙ ዓመታት ሲነገር የኖረውም የቀኙ ካቴና ተበጥሶ ጭንቅላቱን መታው የሚለው ነበር። ያ ውሳኔ፣ ያ አለመለወጥ፣ ገደለው ተባለ።

ባብስ በአሸዋው ውስጥ 42 ዓመት ቆየች፤ ቶማስ በሕይወት የኖረውን ያህል መሆኑ ነው። በ1969 ኦወን ዊን ኦወን የተባለ ዌልሳዊ የምህንድስና መምህር ሊያወጣት ተነሣ። ቦታው በመካከሉ የጦር ኃይሉ ክልል ሆኖ ስለነበር የመንግሥትን ፈቃድ፣ የቤተሰቡንም ይሁንታ ማግኘት ነበረበት። መቃብር እንደመድፈር የቆጠሩትም ነበሩ። ቅሬታቸው ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ የቀበሯት ሰዎች እንድትወጣ አስበው አልቀበሯትም።

የወጣው ጨውና እርጥበት የበላው የብረት ክምር ነበር። ላሜራው በዝገት አልቆ ነበር። ኦወን የሚድነውን እያዳነ፣ የማይድነውን እንደ አዲስ እያሠራ ከአሥር ዓመት በላይ ደከመባት፤ ሞተሯም ዳግመኛ ተነሣ። ሥራው ያስገኘው ግን ይህን ብቻ አልነበረም። ከአሸዋው የወጣው አካል በቅርብ ሲመረመር የአደጋው መነሻ ካቴናው ሳይሆን የቀኝ የኋላ ጎማዋ ሳይሆን እንዳልቀረ የሚያመለክት ሆኖ ተገኘ። ካቴናው የተበጠሰው ከዚያ በኋላ ከሆነ፣ ቶማስን ስለ አሮጌው ካቴና ሲወቅሱት የኖሩት ያለ ጥፋቱ ወቅሰውታል ማለት ነው። ባብስ ተቀብራ ብትቀር ይህ ጥያቄ የሚነሣበት መንገድ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ መኪናዋ አንዳንዴ በፔንዳይን የፍጥነት ሙዚየም፣ አንዳንዴ በብሩክላንድስ ሙዚየም ለጎብኚዎች ታይታለች። ቶማስ ያረፈው በባይፍሊት መንደር ባለው የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። ከብሩክላንድስ በቅርብ ርቀት ላይ ይገኛል።