የገዛ እጁን የጠረጠረ ሐኪም

የሌላውን ስሕተት ማየት ለማንም ይቀላል። ጥፋቱን ከራስ እጅ ላይ ፈልጎ ማግኘት ግን የጥቂቶች ሥራ ነው። ከነዚህ ጥቂቶች አንዱ የሃንጋሪው ሐኪም ኢግናዝ ሴሜልቫይስ ነው። ለመምህርነት የምንዘጋጅ ሁሉ ከሕይወቱ የምንማረው አለና ታሪኩን በአጭሩ እነሆ። (ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ሴሜልቫይስ በ1818 ዛሬ ቡዳፔስት በምትባለው ከተማ ከነጋዴ ቤተሰብ ተወለደ። መጀመሪያ ሕግ ሊማር ቪየና ገባ፤ ወዲያው ግን ወደ ሕክምና ዞረ። በ1846 በቪየናው ትልቅ ሆስፒታል በማዋለጃው ክፍል ረዳት ሐኪም ሆነ።

ሆስፒታሉ ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩት። በአንደኛው የሕክምና ተማሪዎች፣ በሁለተኛው ደግሞ አዋላጆች ይሠለጥኑ ነበር። በዚያው በ1846 በአንደኛው ክፍል ከ4010 ወላዶች 459፣ በሁለተኛው ከ3754 ወላዶች 105 ሞቱ። ገዳዩ የአራስ ትኩሳት ነበር። እናቶቹም ይህን ያውቃሉ፤ አንደኛው ክፍል በሚቀበልበት ቀን የደረሱ ምስኪኖች እባካችሁ ወደ ሁለተኛው ውሰዱን እያሉ ያለቅሱ ነበር።

ታዲያ ምክንያቱ ምን ይሁን? በጊዜው የነበሩት ታላላቅ ሐኪሞች በአየር ላይ የሚያንዣብብ ክፉ ነገር ነው ይሉ ነበር። ሴሜልቫይስ ግን የሰማውን ሁሉ በአንድ ጥያቄ ይፈትን ጀመር፤ ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ ምን ማየት ነበረብን? አየሩ ቢሆን ሁለቱም ክፍሎች የሚተነፍሱት አንድ አየር ነው። መጨናነቅ ቢሆን ይበልጥ የተጨናነቀው ሰው የሚሸሽበት ሁለተኛው ክፍል ነው። እንዲያውም መንገድ ላይ የወለዱት ሴቶች በአንደኛው ክፍል ከወለዱት ያነሰ ይሞቱ ነበር።

ለሟች ጸሎት ሊያደርስ የሚመጣው ቄስ ደወል እያስደወለ በአንደኛው ክፍል ስለሚያልፍ ድንጋጤው ነው የሚገድላቸው ያሉም ነበሩ። ሴሜልቫይስ ይህንንም አልናቀውም። ቄሱ በሌላ መንገድ ያለ ደወል እንዲገባ አደረገ፤ ሞቱ ግን አልቀነሰም። በሁለተኛው ክፍል እንደሚደረገው ሴቶቹ በጎናቸው ተኝተው እንዲወልዱ አደረገ፤ አሁንም ለውጥ የለም። እንዲህ እያለ ግምቶቹን አንድ ባንድ ጣላቸው።

በመጋቢት 1847 ያኮብ ኮሌችካ የተባለ ሐኪም ወዳጁ ሞተበት። ኮሌችካ አስከሬን ሲመረመር የአንድ ተማሪ ቢላዋ ጣቱን ወግቶት ነበር። ሴሜልቫይስ የምርመራውን ውጤት ሲያነብ ወዳጁን የገደለው በሽታ አራሶቹን ከሚገድለው ጋር አንድ ሆኖ አገኘው። ያን ጊዜ ነገሩ በራለት። ሐኪሞችና ተማሪዎች ጠዋት አስከሬን ሲመረምሩ ቆይተው በዚያው እጃቸው ወላዶችን ይነካሉ። በሳሙና ቢታጠቡም ሽታው ከእጃቸው አይለቅም። አዋላጆቹ ግን አስከሬን አይነኩም።

ይህን መቀበል ለሴሜልቫይስ ቀላል አልነበረም። አስከሬን በትጋት ከሚመረምሩት አንዱ ራሱ ነውና ብዙ እናቶች በገዛ እጁ እንደሞቱ ገባው። ቢሆንም አልሸሸገውም። በግንቦት 1847 ማንም ሰው እጁን በክሎሪን ኖራ ውሃ ሳይታጠብ ወላድ እንዳይነካ አዘዘ። በሚያዝያ ከመቶ 18 ገደማ የነበረው ሞት በሰኔ ከመቶ 2 ገደማ ሆነ።

በዚያው ዓመት በጥቅምት ደግሞ ቁስሏ የሚመግል የማሕፀን ካንሰር ሕመምተኛ ከመረመሩ በኋላ በክሎሪን ሳይታጠቡ 12 ሴቶች መርምረው 11ዱ ሞቱ። ሴሜልቫይስ ያኔ ሐሳቡን አረመ፤ በሽታው ከአስከሬን ብቻ ሳይሆን በሕይወት ካለ ሰው መግልም ይተላለፋል አለ። የገዛ ግኝቱን እንኳ እንደ ታቦት አላየውም።

ይሁን እንጂ ብዙ ሐኪሞች አልተቀበሉትም። አንዳንዶቹ የሐኪም እጅ ይገድላል መባሉ ክብራቸውን ነካው። ረቂቅ ተዋህስያን በሽታ እንደሚያመጡ ገና ስላልታወቀ እንዴት ይሆናል ብለው የጠየቁም ነበሩ። እዚህ ላይ የሴሜልቫይስም ጉድለት አለ። ማስረጃውን በመጽሐፍ ያሳተመው በ1861 ነው፤ 14 ዓመት ዘግይቶ ማለት ነው። የተቃወሙትንም በማስረዳት ፈንታ ነፍሰ ገዳዮች እያለ በግልጽ ደብዳቤ ይዘልፋቸው ነበር። በ1865 አእምሮው ታውኮ ቪየና በሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ቤት አስገቡት። እዚያም ተደብድቦ፣ ቁስሉ አመርቅዞ፣ በ47 ዓመቱ ሞተ። እውነቱ በዓለም የታወቀለት በኋላ ፓስተርና ሊስተር ስለ ተዋህስያን ካስረዱ ወዲህ ነው።

ለእኛ ለመምህራን ነገሩ ሩቅ አይደለም። ነገ ከክፍላችን ግማሹ ፈተና ሲወድቅ ልጆቹ ሰነፎች ናቸው፣ የአምናው መምህር አበላሽቷቸው ነው ማለት ይቀናናል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይሉ የለ! እስቲ መጀመሪያ እንቁጠር። መጽሐፉ አንድ፣ የልጆቹ ዕድሜ አንድ ከሆነ የጎረቤቱ ክፍል እንዴት አለፈ? ልዩነቱ የቱ ላይ ነው? ምናልባት ከማስተማሪያችን፣ ምናልባትም ከጥያቄ አወጣጣችን ይሆናል። ምክንያቱን ስናገኝ ደግሞ ሳንዘገይ፣ ባልደረባን ሳናዋርድ፣ ማስረጃውን ዘርግተን እናስረዳ። ቪየና ውስጥ ያን ያህል እናት ያለቀው እውነቱን የሚያውቅ ሰው ጠፍቶ ብቻ አልነበረም፤ የሚያውቀውም ሰው ማስረዳቱን አልቻለበትም። ማስረዳት ደግሞ የእኛ ሙያ ነው።