ዩጂን ሁድሪ፦ ቤንዚንን ያበዛ፣ ጭሱንም ለማጥራት የደከመ መሐንዲስ

ፈረንሳዊው መሐንዲስ ዩጂን ሁድሪ እ.ኤ.አ. በ1892 ከፓሪስ አጠገብ በዶሞን ተወለደ። በ1911 በምህንድስና ተመርቆ በአባቱ የብረት ድርጅት ሥራ ጀመረ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በታንክ ክፍል ሲዋጋ በ1917 ቆሰለ። ከጦርነቱ በኋላ የእሽቅድምድም መኪና ፍቅር ስላደረበት ሐሳቡ ሁሉ ወደ ተሻለ ቤንዚን ዞረ።

በዚያን ዘመን ከባዱ የነዳጅ ዘይት ወደ ቤንዚን የሚለወጠው በኃይለኛ ሙቀትና ግፊት ነበር። ሁድሪ ግን በካታሊስት፣ ማለትም ራሱ ሳያልቅ ኬሚካዊ ለውጥን በሚያፋጥን ነገር፣ ሊሠራው ተነሣ። ከብዙ ሙከራ በኋላ ሲሊካና አሉሚና ያለበትን ሸክላ መረጠ። ይሁን እንጂ ዘይቱ ሲሰነጠቅ የሚተወው ካርቦን በሸክላው ላይ እየተለጠፈ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ያደክመዋል። ካርቦኑን በአየር አቃጥሎ ማንሣት ይቻላል፤ ነገር ግን ሙቀቱ ከልክ ካለፈ የሸክላው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይደፈናሉ፤ የጠፋው ኃይልም አይመለስም። የሚያድነው እሳት የሚገድለውም ነው ማለት ነው።

ሁድሪ ይህን በሥርዓት ፈታው። ካታሊስቱን በተለያዩ ጋኖች ከፍሎ፣ አንዱ ዘይት ሲሰነጥቅ ሌላው እንዲጸዳ ተራ አበጀ። በቧንቧ የሚዘዋወር የቀለጠ ጨው የቃጠሎውን ትርፍ ሙቀት እየወሰደ ለስንጠቃው እንዲያውለው አደረገ።

በ1930 ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በ1936 በፖልስቦሮ፣ በ1937 በማርከስ ሁክ ማጣሪያዎቹ ሥራ ጀመሩ። ከምርቱ ግማሽ ያህሉ ጥራት ያለው ቤንዚን ሆነ፤ በቀድሞው ዘዴ ሩብ ያህል ብቻ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ለአየር ኃይል ነዳጅ ዋለ። ሁድሪ የቪሺን መንግሥት በመቃወሙ በ1941 ዜግነቱን ተገፈፈ፤ በ1942 አሜሪካዊ ሆነ።

ሐኪም ለመሆን ለምንማረው ይበልጥ የሚነካን የመጨረሻው ምዕራፍ ነው። የመኪና ጭስ ከሳንባ ካንሰር ጋር ሊያያዝ እንደሚችል ስላሳሰበው፣ ጭሱን በካታሊስት የሚያጠራ መሣሪያ ሠርቶ በ1956 የፈጠራ መብት አገኘ። ቤንዚን ውስጥ የሚጨመረው እርሳስ ግን ካታሊስቱን ይመርዝ ነበር። ካርቦን ይቃጠላል፤ እርሳስ ግን ከካታሊስቱም ሆነ ከሕፃን አእምሮ በእሳት አይነሣም። ሁድሪ በ1962 አረፈ። መሣሪያው በአሜሪካ መኪኖች ላይ በሰፊው የተገጠመው እርሳስ የሌለው ቤንዚን ሲመጣ፣ ከ1975 ጀምሮ ነው፤ እርሳስ ከዓለም የመኪና ቤንዚን ፈጽሞ የወጣው ደግሞ በ2021 ነው።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ መሐንዲሱ ያጸዳው ማሽን ሐኪሙ የሚያክመውን በሽተኛ ቁጥር ይቀንሳል። ምህንድስና የምትማሩም ሕክምና የምንማርም ሥራችን የተለያየ አይምሰለን።