የኤድጋር ኮድ አጭር የሕይወት ታሪክ

የባንክ ሒሳብም ሆነ የተማሪ ውጤት ዛሬ በኮምፒውተር የሚመዘገበው በአብዛኛው አንድ እንግሊዛዊ ባፈለቀው ሐሳብ መሠረት ነው። እርሱም ኤድጋር ፍራንክ ኮድ ይባላል። በ1923 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በደቡብ እንግሊዝ፥ በፖርትላንድ ደሴት ተወለደ። በኦክስፎርድ ሒሳብና ኬሚስትሪ ተማረ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም የአየር ኃይል አብራሪ ነበረ።

በ1948 ወደ ኒውዮርክ ተሻግሮ አይ ቢ ኤም ከሚባለው ኩባንያ ገባ። የሴናተር ማካርቲ አድራጎት ስላስቆጣው በ1953 አሜሪካንን ትቶ ወደ ካናዳ ሄደ። በኋላ ግን ተመልሶ በ1965 ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ።

በዚያን ጊዜ ከኮምፒውተር መዝገብ አንዲት ነገር ለማውጣት፥ ፕሮግራም ጸሐፊው ነገሩ የተቀመጠበትን መንገድ ደረጃ በደረጃ ማወቅ ነበረበት። አቀማመጡ ሲለወጥ ፕሮግራሙም ይበላሽ ነበር። ኮድ በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ፥ መረጃው ሁሉ ረድፍና ዐምድ ባለው ሠንጠረዥ እንዲቀመጥ፥ ሰው የሚፈልገውን ብቻ እንዲናገርና መንገዱን ማሽኑ እንዲፈልግ ሐሳብ አቀረበ።

ከዚህ ተነሥተው ባልደረቦቹ ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ በ1974 ሲኩዌል፥ በኋላም ኤስ ኪው ኤል የተባለውን ቋንቋ አወጡ። ቦይስ በዚያው ዓመት ገና በወጣትነቱ ሞተ።

ለምሳሌ «ተማሪዎች» ከሚል ሠንጠረዥ ከ90 በላይ ያገኙትን ብቻ «ተሸላሚዎች» ወደሚል ሠንጠረዥ መገልበጥ አስፈለገ እንበል። ኢንሰርት ኢንቱ በሚለው ቃል መድረሻውን፥ ሴሌክት በሚለው ዐምዶቹን፥ ፍሮም በሚለው መነሻውን፥ ዌር በሚለው ደግሞ ቅድመ ሁኔታውን መናገር ይበቃል። ተማሪዎቹ 50 ቢሆኑ ወይም 50,000፥ ዓረፍተ ነገሩ ያው አንድ ነው። የመነሻው መዝገብም አይነካም። ዌር የተረሳ እንደሆነ ግን ሰነፉም ከጎበዙ ጋራ ይሸለማል! ትእዛዙ ሁለት ጊዜ ቢሰጥና ድግግሞሽን የሚከለክል ቁልፍ ባይኖር፥ የያንዳንዱ ተሸላሚ ስም ሁለት ጊዜ ይጻፋል።

ኮድን ያሳዘነው አንዱ ነገር ይኸው ነበር። በርሱ ሐሳብ በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ፍጹም ተመሳሳይ የሆኑ ሁለት ረድፎች ሊገኙ አይገባም፤ ቋንቋው ግን ይህን ስለ ፈቀደ አጥብቆ ነቀፈው። ኩባንያውም ቢሆን የቀድሞ ሥርዐቱን እየሸጠ ያተርፍ ስለ ነበረ ሐሳቡን ቶሎ አልተቀበለም፤ ስለዚህ በ1979 ኦራክል የተባለውን ሥራ ለገበያ አውጥቶ የቀደመው ሌላ ትንሽ ድርጅት ሆነ። አይ ቢ ኤም የራሱን ያወጣው በ1981 ነው። በዚያው ዓመት ኮድ በኮምፒውተር ሊቃውንት ዘንድ ከሁሉ የሚበልጠውን የቱሪንግን ሽልማት ተቀበለ።

በ2003 ዓ.ም. በ79 ዓመቱ በፍሎሪዳ ዐረፈ።