አሳ ግሬይ፤ የዕፀዋት መርማሪና የክርስቶስ አማኝ

አሳ ግሬይ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1810 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በኒው ዮርክ ግዛት ተወለደ። አባቱ ቆዳ አልፊና ገበሬ ነበረ። ልጁም የሕክምና ትምህርቱን በ1831 ፈጸመ፤ ነገር ግን ልቡ ወደ ዕፀዋት ምርምር አዘነበለ፤ በ1842 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ታሪክ መምህር ሆነ።

ቻርልስ ዳርዊን የዝግመተ ለውጥን አሳብ ገና በመጽሐፍ ሳያወጣ በ1857 ለግሬይ በደብዳቤ ገለጠለት። መጽሐፉ በ1859 በታተመ ጊዜ በዚያው ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ሉዊ አጋሲ አጥብቆ ተቃወመው፤ ሌሎች ደግሞ ከእንግዲህ ወዲህ ፈጣሪ አያስፈልግም አሉ። ግሬይ ከሁለቱም ወገን አልሆነም። በጃፓንና በምሥራቅ አሜሪካ የሚበቅሉትን ተመሳሳይ ዕፀዋት መርምሮ ከአንድ ዘር እንደ ወረዱ ተረድቶ ነበርና፣ አሳቡ በቅን እንዲመረመር በ1860 ጻፈ። በ1876 ባሳተመው መጽሐፍም ዝግመተ ለውጥን እንደሚቀበልና የኒቅያን ጸሎተ ሃይማኖት እንደሚያምን በግልጥ መሰከረ። በ1880 ይህንኑ ለዬል የነገረ መለኮት ተማሪዎች አስተማረ።

ዳርዊን ግን አንድ ነገር አስጨነቀው፤ ይኸውም እጮቿ ሕያው አባጨጓሬ እየበሉ የሚያድጉ ተርብ መኖሯ ነው። ቸር አምላክ ይህን አስቦ ፈጠረ ለማለት አልቻለም። ግሬይ እግዚአብሔር ለውጦቹን ወደ በጎ ይመራል ብሎ ቢያስረዳውም ዳርዊን በ1868 ይህን እንደማይቀበል ጻፈ። ወዳጅነታቸው ግን ዳርዊን በ1882 እስኪሞት ድረስ አልተቋረጠም። ግሬይም በ1888 አረፈ።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ተመልሰው የሰው ዘር ከየት መጣ ብለው ሲጠይቁን በቁጣ አናባርራቸው። እያንዳንዳችን ከእናትና ከአባት እንደ ተወለድን እናውቃለን፤ ሆኖም እግዚአብሔር ፈጠረኝ ብለን በእምነት እንናዘዛለን። መንገዱን ማወቅ ሠሪውን አያስክድም። የፍጥረት ሥቃይ ግን በተርብ ወይም በአበባ ምርምር አይፈታም፤ የእግዚአብሔር ልብ የተገለጠልን በተሰቀለው በኢየሱስ ክርስቶስ ነው። ግሬይ ወዳጁን በክርክር አልረታውም፤ በፍቅርም አልተወውም። እኛም ለሚጠራጠር ልጅ እንዲሁ እንድንሆን ጌታ ይርዳን። አሜን።