የመምህራኑ መምህር ኤሚል ዱርኬም

ፈንክሽናሊዝም ሲነሳ ስሙ ቀድሞ የሚጠራው ኤሚል ዱርኬም እኮ መምህራንን ያሠለጠነ ሰው ነው! በ1858 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ፣ ኤፒናል ከተማ፣ ከረቢ አባት ተወለደ፤ የአባቱን መንገድ ግን አልያዘም። ከ1887 ጀምሮ በቦርዶ ዩኒቨርሲቲ ለትምህርት ቤት መምህራን ፔዳጎጂ አስተማረ።

ኅብረተሰብን ከሕያው አካል ጋር ያመሳስለዋል፤ ልብ ለመላው ሰውነት እንደሚሠራ ሁሉ ትምህርት ቤትም ልጁን ለጋራ ኑሮ ያበቃል ባይ ነው። ወንጀለኛን መቅጣት እንኳ የቀረውን ሕዝብ አንድነት ያጠነክራል ይላል። እዚህ ላይ እኛ ሳንከራከር አላለፍንም፦ ሁሉ ነገር ሥራ አለው ከተባለ ጎጂው ልማድ ታዲያ በምን ይነቀላል? እሱ ራሱ ግን በ1895 መጽሐፉ፣ አንድ ነገር ስለጠቀመ ብቻ ተፈጠረ ማለት አይቻልም፣ መነሻው ለብቻው ይመርመር ሲል አስጠንቅቋል።

በ1915 ልጁ አንድሬ በጦር ግንባር ቆስሎ ሞተ። አባትየው ከዚያ ኀዘን ሳያገግም በ1917፣ በ59 ዓመቱ፣ ፓሪስ ላይ አረፈ።