ከቴሌግራፉ በፊት፦ የሳሙኤል ሞርስ ግልባጭ ሥዕሎች

የሳሙኤል ሞርስ ስም ለሙያ ባልደረቦቻችን እንግዳ አይደለም። ስሙ በተነሣ ቍጥር ግን ወደ አሳባችን የሚመጣው ነጥብና ሰረዝ፣ ሽቦና ባትሪ ነው። ይህ ሰው ከሃያ አምስት ዓመታት በላይ እንጀራው ሥዕል እንደ ነበረ፣ የመጀመሪያውን የቴሌግራፍ መቀበያም የሠራው ሸራ በሚወጠርበት እንጨት ላይ እንደ ነበረ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። እዚህ የምናወሳው በዚያ ዘመኑ በተማሪነት የሠራቸውንና ከታላላቅ ሠዓልያን የገለበጣቸውን ሥዕሎች ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሞርስ በ1791 በአሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ቻርልስታውን በተባለች ከተማ ተወለደ። አባቱ ሰባኪና የታወቀ የመልክዐ ምድር መጻሕፍት ደራሲ ነበር። ልጁ በዬል ኮሌጅ ሲማር ስለ ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ትምህርት በደስታ ይከታተል ነበር፤ ወጪውን ለመደጎም ግን የሰዎችን መልክ በዝሆን ጥርስ ላይ በትንሹ እየሣለ ለአንዱ 5 ዶላር ይቀበል ነበር። በ1810 ሲመረቅ ሠዓሊ ለመሆን ቈርጦ ነበር። ወላጆቹ ሙያው የሚያኖር ስላልመሰላቸው ቢያመነቱም፣ በ1811 ከሠዓሊው ከዋሽንግተን ኦልስተን ጋር ወደ ለንደን ሰደዱት።

በለንደን የንጉሣዊው የሥነ ጥበብ አካዳሚ ተማሪ የሚጀምረው የጥንት ሐውልቶችን የጀሶ ቅጂ አስመስሎ በመሣል ነበር። የአካዳሚው ፕሬዚዳንት ቤንጃሚን ዌስት የሞርስን አንድ የሄርኩለስ ሥዕል ተመልክቶ ካመሰገነ በኋላ፣ እንዲጨርሰው ደጋግሞ ይመልሰው እንደ ነበር ይነገራል። ሞርስ ጨርሻለሁ ባለ ቍጥር ሽማግሌው ያልጎላ ጡንቻ ወይም ያልተለየ የጣት አንጓ ያሳየው ነበር። ከዚህ ልምምድ በኋላ «የሚሞተው ሄርኩለስ» የተባለውን ትልቅ ሥዕሉን ሲያስብ፣ ወደ ሸራው ከመሄዱ በፊት ሰውነቱን በሸክላ ጭቃ ቀረጸ። የብርሃኑንና የጥላውን አወዳደቅ ያጠናው በዚህ ሞዴል ነው። በ1813 ሥዕሉ በአካዳሚው ዐውደ ርእይ ሲታይ፣ ለሥዕሉ መርጃ ብቻ የተሠራው ቅርጽ ደግሞ ከሌላ ማኅበር የወርቅ ሜዳይ አገኘለት። ለእኛ የሚያስገርመው ሽልማቱ ሳይሆን አሠራሩ ነው፤ አስቀድሞ ሞዴል ሠርቶ መመርመርን ማንም መሐንዲስ ያውቀዋል።

በ1815 አገሩ ሲመለስ ግን ታላላቅ የታሪክ ሥዕሎችን የሚገዛ አልነበረም። ከከተማ ከተማ እየዞረ የሰው መልክ መሣል ግድ ሆነበት። በ1817 ከወንድሙ ጋር ለእሳት ማጥፊያ የሚሆን ፓምፕ ፈልስፎ የባለቤትነት መብት አወጣ፤ ገበያ ግን አላገኘም። በ1825 በዋሽንግተን ከተማ የጄኔራል ላፋዬትን መልክ ሲሥል ሚስቱ ሉክሬሺያ በድንገት ሞተች። መርዶው በደብዳቤ ደርሶት ቤቱ ሲገባ ተቀብራ ነበር። አንዳንድ ጸሐፊዎች ቴሌግራፉን ከዚህ ኀዘን ያመነጩታል። ለእኔ ግን ይህ ከታሪክ ይልቅ ወደ ልብ ወለድ የቀረበ ነው፤ አሳቡ የመጣለት ከሰባት ዓመት በኋላ ነውና።

በ1829 ደንበኞች ግልባጭ ሥዕሎችን አስቀድመው አዝዘውት ወደ አውሮፓ ተመለሰ፤ በሮም ሲሠራ ቈይቶ በ1831 ፓሪስ ገባ። በዚያም ትልቁን ሥራውን፣ «የሉቭር አዳራሽ» የተባለውን ሥዕል ጀመረ። ያን ጊዜ ፎቶግራፍ ገና ለሕዝብ አልደረሰም ነበር፤ የአገሩ ሰዎች የሊዮናርዶንና የቲሲያንን ሥራዎች ለማየት ባሕር መሻገር ነበረባቸው። ሞርስ እነዚህን ሥራዎች በአንድ ሸራ ይዞላቸው ለመሄድ ዐሰበ። ከሙዚየሙ ልዩ ልዩ ክፍሎች 38 ሥዕሎችን መርጦ፣ እንደ ፈቀደ በአንድ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ደርድሮ ሣላቸው። የቬሮኔዜ «የቃና ሠርግ» ብቻውን ቁመቱ ወደ 7 ሜትር፣ ወርዱ ወደ 10 ሜትር ይጠጋል፤ የሞርስ ሸራ ግን በሙሉ 1.87 በ2.74 ሜትር ነው። በዚህ ስፋት ላይ ሞና ሊዛ ከነፈገግታዋ፣ የእያንዳንዱም ሠዓሊ የቀለም ጠባይ ሳይምታታ መግባት ነበረበት። ከፍ ብለው የተሰቀሉትን ለመድረስ የሚንቀሳቀስ መወጣጫ አሠርቶ እየገፋ ከክፍል ክፍል ይዞር ነበር። በ1832 ኮሌራ ፓሪስን ሲፈጅ እንኳ ሥራውን አልተወም፤ ወዳጁ ደራሲው ፌኒሞር ኩፐር በየቀኑ እየመጣ አጠገቡ ይቀመጥ ነበር።

በዚያው ዓመት መከር ላይ ሸራውን ይዞ በ«ሰሊ» መርከብ ወደ ኒው ዮርክ ተሳፈረ። በጉዞው ላይ ቻርልስ ጃክሰን የተባለ ሐኪም ስለ ኤሌክትሮማግኔት ሲያወራ ሰማ፤ በሥዕል ደብተሩም የመሣሪያውን የመጀመሪያ ንድፍ አወጣ። ሥዕሉን በ1833 ጨርሶ የእያንዳንዱን ሠዓሊ ስም የሚገልጽ ዝርዝር አሳተመ፤ ለተመልካች 25 ሳንቲም መግቢያ አስከፈለ። ሕዝቡ ግን አልመጣም። 2,500 ዶላር ተስፋ ያደረገበትን ሥዕል በ1834 ከነክፈፉ በ1,300 ዶላር ሸጠው።

ከዚያ በኋላ በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የሥዕል መምህር ሆኖ፣ ባለው ዕቃ መሣሪያውን መሥራት ጀመረ። የሸራ መወጠሪያ እንጨት ጠረጴዛ ላይ አቆመ፤ እርሳስ የያዘ ክንድ ከላዩ አንጠለጠለ፤ ኤሌክትሮማግኔቱ ክንዱን ሲስበው የሰዓት ጥርሶች በሚጎትቱት ጥብጣብ ወረቀት ላይ ምልክት ይጻፍ ነበር። በ1837 በዋሽንግተን ምክር ቤት ሕንፃ ከሚሣሉት ታላላቅ ሥዕሎች አንዱ እንዲሰጠው ያቀረበው ጥያቄ ሲወድቅ ሥዕልን ተወ። (በ1836 ስደተኞችን በሚቃወም ወገን ስም ለከንቲባነት ተወዳድሮ ተሸንፏል፤ በኋላም ለባርነት ጥብቅና ቆሟል። ይህን ሳይናገሩ ማለፍ አይገባም።)

መሣሪያው በመጀመሪያ ከጥቂት ሜትር በላይ አልሠራም። የኬሚስትሪ መምህሩ ሊዮናርድ ጌል የጆሴፍ ሄንሪን የ1831 ጥናት አሳይቶት፣ የባትሪውን ሕዋሳትና የሽቦውን ጥምጥም ቢያበዙ ምልክቱ 16 ኪሎ ሜትር ሽቦ አቋረጠ። አልፍሬድ ቬይል ደግሞ ገንዘብና የመካኒክ ችሎታ አመጣ። ምክር ቤቱ በ1843 30,000 ዶላር ፈቅዶ፣ ግንቦት 24 ቀን 1844 በዋሽንግተንና በባልቲሞር መካከል የመጀመሪያው መልእክት ተላለፈ።

ክርክሩ ከዚህ በኋላ ነው። ሞርስ በ1855 ባሳተመው ጽሑፍ ከሄንሪ ያገኘው ነገር እንደሌለ ካደ። በእኔ አስተያየት ልዩ ልዩ ክፍሎችን መርጦ አንድ የሚሠራ ነገር ማድረጉ የራሱ ድካም ነው፤ ያንኑ በሉቭርም አድርጎታል። ነገር ግን በሉቭር ሥዕሉ የቀዳሚዎቹን ስም አንድ በአንድ ጽፎ አሳትሟል፤ በቴሌግራፉ ይህን ነፈገ።

ሞርስ በ1872 ባለጠጋ ሆኖ ሞተ። «የሉቭር አዳራሽ» በ1982 በ3,250,000 ዶላር ተሸጠ። መቀበያው የተሠራበት የሸራ መወጠሪያ እንጨት በዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን ተቋም ተጠብቆ ይገኛል።